ማየትም አደራ ነው



«ለማንበላውና ለማንሸጠው ነገር ይህን ያህል መንገድ መጓዝ ተገቢ ነውን?» ይህን ጥያቄ ያነሣው ከእኛው መካከል የነበረ አንድ ካቴኪስት ነው። የጠየቀው ለወቀሳ አልነበረም፤ የገበሬ ልጅ በመሆኑ፣ ሰው ያለ ሥራ ተራራ ለተራራ ሲዞር ማየት እንግዳ ነገር ሆኖበት ነው። በዚያን ሰዓት የሚያረካ መልስ አልሰጠነውም። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩን ስናወጣና ስናወርድ ቆይተናልና፣ የደረስንበትን ሐሳብ ልናካፍላችሁ ወደድን።

ጉዞው የተደረገው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ ነው። ምዕመናንና ካቴኪስቶች በአንድነት ሆነን፣ ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር አድርገን ወደ ሰሜን ሸዋ፣ ወደ መንዝ ጓሳ ወጣን። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ስፋቱም 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን ብርዳማ ደጋ ነው። በምሥራቅ በኩል ምድሩ በድንገት ይቆረጥና ገደሉ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል። ሥፍራው የሚጠራው ምድሩን በሸፈነው፣ ጓሳ በተባለው ሣር ስም ነው። ጠባቂው የአካባቢው ሕዝብ ራሱ ነው፤ እንግዳውን እየመሩ የሚያሳዩትም ከዚያው ከገበሬው መካከል የተመረጡ ሰዎች ናቸው።

ማለዳ ብርዱ ሳይለቅ ተነሣን። መሪያችን ከመነሣታችን በፊት ጥቂት ነገር አስጠነቀቀን፦ በአንድ ረድፍ እንድንሄድ፣ ድምፃችንን ዝቅ እንድናደርግ፣ በእንስሳ መንገድ ላይ እንዳንቆም፣ ምግብም ፈጽሞ እንዳንሰጥ። እውነቱን ለመናገር፣ በመጀመሪያ ይህ ሁሉ ትእዛዝ የመጣንበትን ደስታ የሚቀንስብን መስሎን ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ዝም ብለን ከተጓዝን በኋላ ግን ዓይናችን ይከፈት ጀመር። ቀድሞ ባዶ ሜዳ የመሰለን ምድር በጅብራና በአስታ የተሞላ ሆነ፤ ከረግረጉ ዳር ክንፉ ሰማያዊ የሆነው የአገራችን ዝይ ብቅ አለ፤ ከሣሩ ሥርም አይጦች ውር ውር ይሉ ነበር። መሪያችን እያንዳንዱን በስሙ ይጠራልን ነበር። አዳም ለእንስሳት ስም ያወጣው አስቀድሞ ስላያቸው ነው። እኛ ግን በገዛ አገራችን የሚኖሩትን ፍጥረታት ስማቸውን እንኳ ሳናውቅ ይህን ያህል ዕድሜ መኖራችን አሳፈረን።

ፀሐይ ሞቅ ስትል ጭላዳዎች ካደሩበት ገደል ወጥተው ሣር መንጨት ጀመሩ። በዚህ ጊዜ ከመካከላችን አንዱ ፎቶግራፍ ሊያነሣቸው ፈልጎ፣ ይበልጥ እንዲቀርቡለት ቁራሽ ዳቦ ወረወረ። መሪያችን አልተቆጣም፤ ነገር ግን ሄዶ ዳቦውን አነሣና ለባለቤቱ መለሰለት። ቀጥሎም «ወንድሜ፣ ዛሬ ከእጅዎ የለመደ ነገ ከሰው ማሳ ይገባል። ያን ጊዜ እርስዎ አዲስ አበባ ነዎት፤ ድንጋይ የሚወረወረው በእሱ ላይ ነው፤ እህሉ የሚጠፋውም የጎረቤቴ ነው» አለው። ወንድማችን ይቅርታ ጠየቀ። እኛም በልባችን ተወቀስን፤ ዳቦውን የወረወረው አንዱ ቢሆንም፣ ቀርቦ ለማየት የቸኮልነው ሁላችንም ነበርንና።

ከዚያ ትንሽ ቆይቶ መሪያችን እጁን አነሣና አስቆመን። አንድ ቀይ ቀበሮ በጭላዳዎቹ መካከል አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ቀስ እያለ ይራመድ ነበር። ከእርሱም የሸሸ አልነበረም። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ደጋዎች በቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኝም፤ ለአቅመ መራባት የደረሱት ቁጥር ከ500 በታች እንደሆነ ይገመታል። ምግቡ በአብዛኛው አይጥ ነው። በዚያው በጓሳ የተካሄደና በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ቀበሮው በጭላዳዎች መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራ 67ቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን 25ቱ ብቻ። ይህን ጥቅም የሚያገኘው ግን ሳይሮጥና ግልገሎቻቸውን ሳይነካ በመካከላቸው ስለሚመላለስ ነው። አውሬው ያወቀውን ሥርዓት ከጥቂት ደቂቃ በፊት እኛ ሰዎች ዘንግተነው ነበር።

በምሳ ሰዓት ከመካከላችን በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት መሪያችንን እንዲህ ሲሉ ጠየቁት፦ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ብርድና ድካም ችላችሁ መጠበቃችሁ ምን አበላችሁ?»

«እናቴ፣ ሣሩ ቤታችንን ይከድናል፤ ገመድም ይሆናል። ምንጩም የሚወርደው ከዚሁ ነው። ቀበሮው ግን የሚያበላን ነገር የለም።»

«ታዲያ እርሱን ለምን ትጠብቃላችሁ?»

«አባቶቻችን እርሱን ብለው አልጠበቁም። ሣሩን ተዉት፤ ሣሩ ሲተርፍ አይጡ ተረፈ፤ አይጡ ሲተርፍ እርሱም ተረፈ።»

እኚህ እናት ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «እንግዲያስ ዛሬ እኛ ያየነው የአባቶቻችሁን ጾም ነው» አሉ።

ይህ ቃል ከብዙ ስብከት ይልቅ በልባችን ቀርቷል። የመንዝ ሰዎች ለብዙ ዘመን ጓሳን ሲያስተዳድሩ የኖሩት ቄሮ በተባለ ሥርዓት ነበር። ሣሩ ከ3 እስከ 5 ዓመት ለሚደርስ ጊዜ ይከለከላል፤ በዚያ ጊዜ ማንም አያጭድበትም፣ ከብትም አያሰማራበትም። ሲደርስም በሕዝቡ ፈቃድ፣ ሁሉም በተወሰነለት ቀን ይከፈታል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ይህ የርስት ሥርዓት አብሮ ፈረሰ፤ ደጋውም ለጊዜው ጠባቂ አጥቶ ተጎዳ። የኋላ ኋላ ግን ሕዝቡ ከአዋሳኝ ቀበሌዎች ተወካዮችን መርጦ፣ አዲስ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን መልሶ አቆመ።

እንግዲህ ልብ እንበል። ክዳኑ የሚያፈስበት ገበሬ፣ ከደጁ የበቀለውን ሣር እያየ ለዓመታት ሳያጭደው መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። ጾም ማለት በእጃችን ካለው መልካም ነገር፣ ለሌላ መልካም ነገር ብለን ራሳችንን መከልከል ከሆነ፣ ይህ በእርግጥ ጾም ነው። እኛ በአንድ ማለዳ በደስታ ያየነውን ሁሉ ያቆዩልን ሌሎች ናቸው፤ ያቆዩትም በመተው ነው። ስለዚህ ማየት ከዋጋ ነፃ የሆነ ነገር አይደለም፤ ዋጋውን አስቀድሞ የከፈለ ሰው አለ። የሚያይ ሁሉ ባለ ዕዳ ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

ከዚህ በመነሣት ወደ ካቴኪስቱ ወንድማችን ጥያቄ እንመለስ። ጥያቄው ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው፣ የማይጠቅመንን ነገር ማየት ምን ይረባል የሚል ነው። ለዚህ የምንሰጠው መልስ፣ የፍጥረት ዋጋ በእኛ መሶብና ኪስ ብቻ የሚለካ አይደለም የሚል ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቼስኮስ በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው ሐዋርያዊ መልእክታቸው፣ ፍጥረታት ለሰው ከሚሰጡት ጥቅም ባሻገር በራሳቸው ዋጋ እንዳላቸው አስተምረዋል። ሳይነኩና ሳይወስዱ ማየት ይህን እውነት በዓይንና በእግር የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ሰዓት ሰው ከፊቱ ያለው ነገር ሁሉ ለእርሱ ብቻ እንዳልተሠራ ይረዳል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ የበለጠ ይከብዳል፦ ለጉዞው የወጣው ገንዘብ ለድኻ ቢሰጥ አይሻልም ነበርን? የጌታን እግር በሽቱ የቀባችውን ሴት የነቀፈው ይሁዳም ተመሳሳይ ነገር ተናግሯልና፣ እንዲህ የሚጠይቁትን ሁሉ ከእርሱ ጋር መቁጠር ይቀናናል። ይህ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ወንድማችን ያለውን ከድኻ ጋር የሚካፈል ሰው ነውና። ስለዚህ ጥያቄውን ሳንሸሽ መመለስ ይገባናል።

እኛ እንደምናምነው፣ አደጋው ያለው በጉዞው ሳይሆን፣ ቀበሮውን አይቶ እረኛውን ሳያዩ መመለስ ላይ ነው። አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። የቀይ ቀበሮ ታላቅ ጠላት ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ በባሌ ተራሮች በ2003 እ.ኤ.አ. የተነሣው ወረርሽኝ ብዙዎቹን ፈጅቷል። ከሩቅ ሆኖ ለሚያይ ሰው እረኛው ውሻ በማሳደጉ ጥፋተኛ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን እረኛው ያለ ውሻ በጎቹን ከጅብ እንዴት ያድናል? መፍትሔው ውሻውን መከተብ ነው፤ ክትባቱም ቀበሮውን ብቻ ሳይሆን የእረኛውን ልጅ ጭምር ከዚሁ በሽታ ይጠብቃል። ለአውሬው ያለን ፍቅር እውነተኛ ከሆነ ከሰው ፍቅር ጋር አይጣላም፤ የሚጣላ ከሆነ ግን ፍቅሩን ራሱን መመርመር ያስፈልጋል። የምድር ጩኸትና የድኻ ጩኸት አንድ ላይ እንደሚሰሙ ያው ሐዋርያዊ መልእክት ያስገነዝበናል። ለመሪውና ለማደሪያው የሚከፈለው ገንዘብም በአግባቡ ከተያዘ፣ ሣሩን ላቆየው ሕዝብ ከሚመለስ ዕዳ የሚቆጠር እንጂ ምጽዋት አይደለም።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ ምክንያት፣ ያ መንገድ መንገደኛ እንደ ቀድሞው በልበ ሙሉነት የሚጓዝበት አልሆነም። እኛም ዳግመኛ አልሄድንም። ሆኖም ያን ቀን ከፊታችን ሲሄድ የነበረውን ሰው በጸሎታችን እናስበዋለን፤ ዕዳ መንገድ ስለ ተዘጋ አይሰረዝምና።

ይህን ትምህርት ለመቅሰም ግን የግድ ወደ ጓሳ መውጣት አያስፈልግም። በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውን የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርን የመሳሰሉ ማኅበራት፣ ሰው ወፉንና ዛፉን እንዲያውቅ ሲደክሙ ኖረዋል። ካቴኪስቶችም ልጆችን ይዘው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ወይም በወንዝ ዳር ለግማሽ ሰዓት ቢዘዋወሩ ብዙ ነገር ማስተማር ይችላሉ። ልጆቹ መጀመሪያ ዝም ይበሉ፤ ቀጥሎ ያዩትን በስሙ ይጥሩ፤ ምንም ሳይነቅሉና ድንጋይ ሳይወረውሩ ይመለሱ። በመጨረሻም አንድ ጥያቄ ይቅረብላቸው፦ «ይህን ዛሬ እንድናየው ያቆየልን ማን ነው?» ያ ጥያቄ ወደ ፈጣሪ ይመራቸዋል፤ በመንገዱም ላይ ዛፉን የተከለውን አዛውንትና ግቢውን የሚጠብቀውን ዘበኛ ያገኛሉ።

ወንድማችን ካቴኪስቱ ከጉዞው ሲመለስ ለልጆቹ ምን እንዳመጣላቸው ተጠይቆ ነበር። «ምንም አላነሣሁም፤ የተዉትን ሰዎች ግን አይቻለሁ» አላቸው። እኛም ከዚህ የተሻለ መልስ የለንም።