የልጅሽ ወረፋ ከፊት ነው

ስሚኝ ልጄ። ልጅሽ የህመም ማስታገሻ ክኒን ሱስ እንደያዛት፣ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር እንደሆነችም ነግረሽኛል። ዘመድ ሳይሰማ እቤት ዘግተሽ ልታስተዪያት አስበሻል። ተዪ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም። የህመም ማስታገሻ ሱስ በእርግዝና ጊዜ በድንገት ሲቋረጥ ለእሷም ለጽንሱም አደጋ አለው፤ ሐኪሞች ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን የሚባሉ ምትክ መድኃኒቶችን የሚያዙት ለዚህ ነው።

«ሱስን በሱስ» የሚሉሽን አትስሚ። ማለዳ ተሰልፋ፣ ነርስ ፊት የተለካውን በትንሽ ኩባያ ጠጥታ ሥራዋ የምትሄድና ከመንገድ የገዛችውን የምትውጥ አንድ አይደሉም። ጸበል ውሰጃት፣ ማን ከለከለሽ? አቡነ ጳውሎስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አይጣሉም ብለው የለ?

ወጪውንም ወረፋውንም አትፍሪ። እዚህ አሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለግዛቶች በሚሰጠው የሱስ ሕክምና ገንዘብ የሚሠራ ተቋም ነፍሰ ጡርን እንዲያስቀድም ሕግ ያስገድደዋል። ቦታ ቢጠፋ እንኳ በ48 ሰዓት ውስጥ ጊዜያዊ እርዳታ ሊደርሳት ይገባል። ስትደውዪ ታዲያ ከሁሉ በፊት «ነፍሰ ጡር ናት» በያቸው፤ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል። ምጽዋት እንዳይመስልሽ፣ ባልሽ ታክሲ እየነዳ የከፈለው ግብር ነው። እናት ከነልጆቿ አድራ የምትታከምበት ቤት ግን ጥቂት ነው። የካውንቲው በጀት ሲመከር እኛ አዳራሹ ውስጥ የለንም፤ ለሰርግ አዳራሽ ስንጋፋ ግን ማን ብሎን!

«ልጁን ይወስዱብናል» ያልሽው ከንቱ ስጋት አይደለም። ቴነሲ እ.ኤ.አ. በ2014 እንዲህ ያሉ እናቶችን የሚያስከስስ ሕግ አውጥታ ነበር፤ ሴቶች ከሐኪም ሸሹ፣ በ2016 ሕጉ ሳይታደስ ቀረ። ዛሬም ሆስፒታሉ ሲወልዱ ስለ ሱስ ይጠይቃል። ቀድማ ሕክምና የጀመረች እናት ግን የምታሳየው ነገር በእጇ አለ።

ስትወልድ ዘመዱ ገንፎ ይዞ ይመጣል፤ ክርስትናው ካለፈ ግን ሁሉም ይበተናል። ሱሱ ያገረሻል ብለው ሐኪሞች አብዝተው የሚፈሩት ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት ነው። ሜዲኬይድ የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ድሮ ከወሊድ በኋላ በ60 ቀን ይቋረጥ ነበር፤ ከ2022 ወዲህ ሜሪላንድን ጨምሮ አብዛኞቹ ግዛቶች ወደ 12 ወር አራዝመውታል። በእነዚያ ወራት ሕፃኑን የሚይዝላትና ክሊኒክ የሚያደርሳት ሰው ከአሁኑ መድቢ። ሰኞ ጠዋት ለሕክምና ተቋሙ ደውዪ፤ እንግሊዝኛው ካስቸገረሽ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ አያስከፍሉሽም።