ሙያውን ጨዋታ ቢያስተምረው ዋሱ ማን ይሆናል?

በቅርቡ ጥያ ላይ ሻይ እየጠጣን ሳለን አንድ ወዳጃችን እንግዳ ወሬ አነሣ። በአሜሪካዋ ኮሎራዶ ግዛት ገና በለጋ ዕድሜያቸው ወንጀል ፈጽመው ለረዥም ዘመን የታሠሩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ከመፈታታቸው በፊት በቪዲዮ ጌም መሣሪያ መለማመድ ጀመሩ። በምስሉ ውስጥ ሆነው ከሱቅ ዕቃ ይገዛሉ፤ ልብስ በማሽን ያጥባሉ። ብየዳንም በዚሁ መንገድ የሚያስተምሩ አሉ። ተማሪው ቢሳሳት ብረት አይባክንም፤ እጅ አይቃጠልም።

«ለሌባ ጌም!» ብሎ የሣቀ ነበር። ሌላው ግን በቁም ነገር ጠየቀ፦ ምንም ያላጠፋው የድሃ ልጅ ከጌም ቤት በራፍ ሳንቲም አጥቶ ቆሞ ሳለ ጥፋተኛው ለምን ይቅደም? ጥያቄው ከባድ ነው። ይሁንና ሙያ ሳይዝ የተፈታ ሰው የሚመለሰው ወደዚያው ድሃ ሰፈር ነው፤ ቢሰርቅም የሚሰርቀው ያንኑ ድሃ ነው።

ደግሞስ የኛ ችግር የሙያ እጦት ብቻ ነውን? በማረሚያ ቤቶቻችን ሽመናው፣ የእንጨት ሥራው፣ ልብስ ስፌቱ ከድሮም አለ። የማውቀው አንድ ወጣት እዚያው አናጢነት ተምሮ ወጣ። በር ሲገጥም አይተን አድንቀነዋል። ሥራ ሲጠይቅ ግን በየደረሰበት «ከወንጀል ነፃ የሚል ማስረጃ አምጣ፣ ዋስ ጥራ» ተባለ። ወደኔም መጣ። «እስቲ ልይበት» ብዬ ሸኘሁት።

ጉራጌ ልጁን ወደ መርካቶ ሲልክ የሚያስጠጋው ከዘመድ ሱቅ ነው። ልጁ መጀመሪያ ይጠርጋል፣ ይሸከማል፤ ከዚያ አንድ ቀን የገንዘብ መሳቢያው ቁልፍ ይሰጠዋል። ነጋዴ የሚያደርገው ያ ቁልፍ ነው። ጌም ቁልፍ አይሰጥም። በጌም የተሸነፈ ግን ቢያንስ እንደገና ይጀምራል፤ እኛ ይህንንም ነፍገናል።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ቅጣቱን ጨርሶ በመልካም ጠባይ የኖረ ሰው ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ጽኑ እሥራት ከሆነ ከ5 ዓመት በኋላ፣ በሌላው ከ2 ዓመት በኋላ። እስከዚያ ምን ይብላ?

አስካሪ ጠጥቶ የተቀጣን ሰው ከሰሓቦች አንዱ ሲረግመው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንደከለከሉት እናውቃለን። ሰውየው ቅጣቱን ተቀብሏል። ታዲያ እኛ ተጨማሪ ቅጣት የመፍረድ ሥልጣን ከየት አመጣን?

ወጣቱ ዛሬ የጥያን ትክል ድንጋዮች ሊያዩ ለሚመጡ እንግዶች በርጩማ እየሠራ መንገድ ዳር ይሸጣል። ባለፈው ሳምንት ሄጄ ዋስ አሁንም ይፈልግ እንደሆን ጠየቅሁት። መዶሻውን ሳያስቀምጥ «አይተውበት ነው?» አለኝ። አፍሬ ዝም አልኩ። ሰኞ ኢንሻአላህ አብረን ቡታጅራ እንወርዳለን።