የቃል ሒሳብና የመስፈሪያ ንጽሕና

ሰው ለሥራው ተጠያቂ ነው ሲባል ብዙዎቻችን ወዲያው የምናስበው ዳኛንና ቅጣትን ነው። ይሁን እንጂ ማንም ሳያየን፣ ማንም ሳይከሰን የምንፈጽመውስ? በዚህ ጥያቄ ላይ የአይሁድ መምህራን ከዕለታዊ ኑሮ የቀሰሙት ትምህርት ለእኛም ይጠቅመናልና አብረን እንመልከተው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው «ኖስትራ ኤታቴ» በተሰኘው መግለጫ፣ ክርስቲያኖችና አይሁድ በጋራ መንፈሳዊ ቅርስ የተሳሰሩ መሆናቸውን አስገንዝቦ እርስ በርስ መተዋወቅን ማበረታታቱ ይታወሳል።

በ19ኛው መቶ ዘመን፣ ያን ጊዜ በኦስትሪያ ግዛት በነበረችውና ዛሬ በዩክሬን በምትገኘው በሳዲጉራ፣ አብርሃም ያዕቆብ (1820-1883) የሚባሉ የሐሲዲም መምህር ነበሩ። ማርቲን ቡበር በሰበሰባቸው ትረካዎች እንደሚነገረው፣ እኒህ መምህር ሰው ሠራሽ ነገሮችም ሳይቀሩ ያስተምራሉ ይሉ ነበር። ባቡር በአንዲት ቅጽበት መዘግየት ሁሉ እንደሚያመልጥ፣ ቴሌግራፍ እያንዳንዱ ቃል ተቆጥሮ እንደሚከፈልበት፣ ስልክም እዚህ የተነገረው እዚያ እንደሚሰማ ያስረዱበት ነበር።

ዛሬ የምንልከው መልእክት በቃላት ቁጥር አይከፈልበትም። ስለዚህም ቃላችንን ያለ ስስት እናፈሳለን፤ ያልተጣራ ወሬ ከአንዱ ተቀብለን ለአሥሩ እናስተላልፋለን። ታዲያ ክፍያው ስለ ቀረ ሒሳቡም ቀረ ማለት ነውን? አይደለም። ቀድሞ ላኪው ስለ ቃሉ ከኪሱ ይከፍል ነበር፤ አሁን ግን ስሙ የጠፋው ጎረቤት፣ ትዳሩ የታወከው ወንድም ይከፍላል። ከላኪው ያልተጠየቀው ዋጋ በሌላው ላይ ወድቋል።

እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ የተጠናቀረው ሚሽና የተባለው የአይሁድ ሕግ ስብስብ ደግሞ ወደ ገበያ ይወስደናል። ባለ ሱቅ መስፈሪያዎቹን በሳምንት 2 ጊዜ፣ የሚዛን ድንጋዮቹን በሳምንት 1 ጊዜ፣ የሚዛኑን ሳሕን ከእያንዳንዱ ምዘና በኋላ እንዲያጸዳ ያዝዛል። ዘይት የሚሰፈርበት ዕቃ ዝቃጭ ከያዘ መጠኑ ይቀንሳል፤ ገዢውም ይጎድልበታል። ልብ እንበል፤ ይህ ነጋዴ ሊያታልል አላሰበም። ሆኖም በየቀኑ ከተጠራቀመው እድፍ የተነሣ የሰው ገንዘብ በእጁ ይቀራል። እንግዲህ «ክፉ አላሰብሁም» ማለት ብቻውን ከተጠያቂነት አያድንም፤ መስፈሪያን መመርመር ራሱ ግዴታ ነው። ወላጅ በልጆቹ መካከል፣ መምህር በክፍሉ፣ ሠራተኛ በቢሮው ሰውን የሚሰፍርበት የየራሱ መስፈሪያ አለው። አድልዎና ስልቸታም ሳይታወቁ ከሥሩ ይጣበቃሉ።

እንዲህ ከሆነ ኑሮ ሁሉ ጭንቀት አይሆንምን? የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ሒሳብ የሚመረመረው የጎደለውን ለመሙላት እንጂ ለመሸበር አይደለም። አይሁድ ዮም ኪፑር፣ ቤተ እስራኤልም አስተሰርዮ ብለው የሚጠሩት የስርየት ቀን ይህን ያሳያል። ያው ሚሽና እንደሚያስተምረው፣ ቀኑ በሰውና በእግዚአብሔር መካከል ያለውን በደል ያስተሰርያል፤ በሰውና በሰው መካከል ያለውን ግን በዳዩ ተበዳዩን እስኪያስታርቅ ድረስ አያስተሰርይም። ጾሙ የጎረቤትን ዕዳ አይተካም። ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5፣ መባ ይዞ ወደ መሠዊያው የቀረበ ሰው አስቀድሞ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ ማዘዙን እናውቃለን።

ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሕፃናትን ለኑዛዜ ስናዘጋጅ፣ «ምን ኃጢአት ሠራህ?» ብለን ብቻ አናብቃ፤ «በአንተ ምክንያት የጎደለበት ማን ነው? እንዴትስ ትመልስለታለህ?» ብለንም እንጠይቅ። እኛም ማታ ማታ ሕሊናችንን ስንመረምር ይህንኑ ጥያቄ ለራሳችን እናቅርብ፤ በማግስቱም ወደዚያ ሰው ደጅ እንሂድ።