ተስፋ መስጠትና ቃል መግባት

ለመሆኑ ሰው የራሱ ያልሆነውን ተስፋ ለሌላው መስጠት ይችላልን? ጥያቄው የፈላስፎች ይመስላል። እኔን ግን የገጠመኝ በአንዲት ባለ ሦስት እጥፍ ብሮሸር ሰበብ ነው።

እንጀራዬ ጽሑፍ ነው። በጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ከያዝኩ ወዲህ ለመጽሔት እጽፋለሁ፤ የመጽሔቱ ክፍያ ወር አላደርስ ሲለኝ ደግሞ ለሆቴሉም ለትምህርት ቤቱም ማስታወቂያ አዘጋጃለሁ። አንድ ቀን ጎንደር ከሚገኝ የአይሁድ ወጣቶች ማኅበር ሥራ መጣልኝ። ለአካባቢው ወጣቶች የሚበተን፣ ማኅበሩን የሚያስተዋውቅ ብሮሸር ነው። ፎቶግራፉ ከእነርሱ፣ ቃላቱ ከእኔ።

ወጣቶቹ እነማን እንደሆኑ ባጭሩ ልናገር። በ1977 ዓ.ም. "ዘመቻ ሙሴ" በተባለው ጉዞ በሺህ የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ በ"ዘመቻ ሰሎሞን" ከ14 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሄዱ። አያት ቅድመ አያቶቻቸው ክርስትና ተቀብለው የነበሩ ቤተሰቦች ግን ከዘመቻው ውጭ ቀሩ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ከብታቸውን ሸጠው፣ መሬታቸውን ትተው ከገጠር ወደ ጎንደር ከተማና ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ ቤት ተከራይተውም ተራቸውን ይጠብቁ ጀመር። የእስራኤል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 የቀሩትን በአምስት ዓመት ውስጥ ለመውሰድ ወስኖ ነበር። አምስቱ ዓመት ሲሞላ በሺህ የሚቆጠሩት አሁንም እዚያው ነበሩ። የማኅበሩ ወጣቶች በዚህ ጥበቃ መካከል ተወልደው ያደጉ ናቸው።

ሥራዬን ጀመርኩ። ሽፋኑ ላይ በትልልቅ ፊደል "ወደ ተስፋይቱ ምድር የምታደርገው ጉዞ ከዚህ ይጀምራል" ብዬ ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር ኮራሁበት። አጭር ነው፤ ልብ ይነካል፤ ለዓይንም ያምራል።

ረቂቁን ይዤ በሄድኩ ዕለት ከአስተባባሪዎቹ አንዷ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ፣ አነበበችውና ዝም አለች። ቆየት ብላ፣

"ጋሼ፣ ይህን ለእናቴ ባነብላት ምን የምትል ይመስልዎታል?" አለችኝ።

"ደስ ይላታል" አልኳት።

"ይላታል። ነገ ጠዋት ገጠር ላሉት ዘመዶቿ 'እዚህ ማኅበር የገባ ይሄዳል አሉ' ብላ ትልክባቸዋለች። እነርሱም ያላቸውን ሸጠው ይመጣሉ። ከዚያስ?"

መልስ አልነበረኝም። ያን ዕለት ማታ ግን ራሴን ስከላከል አመሸሁ። "'ይጀምራል' አልኩ እንጂ 'ይደርሳል' አላልኩም" አልኩ። ይህ የጠበቃ ክርክር ነው። ቃሉን የሚያነበው ሰው ሚዛን ይዞ አይቀመጥም፤ ልቡ የፈለገውን ይሰማል። እኔ ደግሞ ልቡ ምን እንደሚፈልግ አውቄ ነው የጻፍኩት።

ነገሩን ሳብሰለስል ቋንቋችን ራሱ ወጥመድ እንዳለው ተገለጠልኝ። በአማርኛ "ተስፋ ሰጠኝ" ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። አንደኛው አጽናናኝ፣ አበረታኝ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ አደርግልሃለሁ አለኝ ነው። "የተስፋይቱ ምድር" ስንልም እንዲሁ ነው፤ የምትናፈቅ ምድር ትሆናለች፣ ቃል የተገባባት ምድርም ትሆናለች። ናፍቆቱ የወጣቶቹ ነው። ቃሉን ግን በማን ስም ነው እኔ የምገባው? ከእነርሱ ወገን አይደለሁም፤ ቪዛ አልሰጥም፤ ማኅበሩም አይሰጥም።

የቤተ እስራኤል ታሪክ ሁለቱንም ዓይነት ተስፋ ያውቃል። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመነ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1862፣ አባ ማህሪ የተባሉ መነኩሴ ሕዝብ አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም ተነሡ። ባሕሩ እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል የሚል እምነት ነበራቸው። ከባሕሩ ግን አልደረሱም፤ ብዙዎቹ ትግራይ ውስጥ በረሃብና በበሽታ አለቁ። ሌላው የስግድ በዓል ነው። ከአስተሥርዮ በኋላ በሃምሳኛው ቀን ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው ተራራ ይወጣሉ፤ ሕዝቡ ጾሞ፣ ፊቱን ወደ ኢየሩሳሌም መልሶ ይጸልያል፤ ከዚያም ወርዶ ይበላል፣ ይጠጣል። ለትውልድ ትውልድ እንዲህ ሲደረግ ቆይቷል። ለማንም ቀን አልተቆረጠም፤ ከብቱን ሽጥ የተባለ የለም። ተስፋው ግን አልሞተም። እኔ እንደሚገባኝ ልዩነቱ ይህ ነው፦ ስግድ ሰውን ባለበት ያቆመዋል፤ ቀን የተቆረጠለት ተስፋ ግን ቤቱን ያስለቅቀዋል።

በማግስቱ ይህንኑ ስናገር ሌላው አስተባባሪ ተቃወመኝ። "ተስፋ ካላሳየናቸው ማን ይመጣል? ጥበቃው የሰለቸው ወጣት እኮ ከቤት መውጣትም ያስጠላዋል" አለ። ንግግሩ የዋዛ አልነበረም። ተስፋን ከብሮሸሩ ጨርሶ መፋቅ ሌላ ጭካኔ ነው፤ ልጆቹን የሚሰበስባቸው እርሱው ነውና። ስለዚህ ጥያቄው ተስፋ ይጻፍ አይጻፍ አይደለም። ለተጻፈው ቃል ተጠያቂው ማን ነው? ነው።

በመጨረሻ የተስማማነው በማኅበሩ እጅ ያለውን ብቻ ለመጻፍ ነበር። ቅዳሜ ከጸሎት በኋላ መሰብሰባቸውን፣ ትልልቆቹ ለታናናሾቹ የዕብራይስጥ ፊደል ማስተማራቸውን፣ መዝሙሩን፣ ጨዋታውን፣ የስግድን ዝግጅት ጻፍን። ሽፋኑ ላይ ልጆቹ ሲስቁ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ገባ፤ ከሥሩ "እስክንሄድም ብቻችንን አንጠብቅም" የሚል ሰፈረ። ልጅቷ ናት ያለችው። ከኋላው ገጽ ደግሞ እርሷው አጥብቃ ስለጠየቀች፣ "ስለ ጉዞ የሚወስነው ማኅበሩ አይደለም፤ አባል መሆን ተራ አያስቀድምም" የሚል ታከለበት።

እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር በማስታወቂያ ሥራ ላይ ጽፌ አላውቅም። ደንበኛን ያባርራል ተብሎ ይፈራል። ያመነኝን ሰው ግን ቤቱን አያሸጠውም። ቃል የእምነት ዕዳ ነው ይባላል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ሲሆን ግን ለጸሐፊው ቃል እጅግ ይረክስለታል። ለዚህ መድኃኒት አላገኘሁም። አንድ ልማድ ብቻ ይዣለሁ፦ ማስታወቂያ ጽፌ ስጨርስ፣ ያቺ እናት ፊት ለፊቴ ተቀምጣ የማነብላት ይመስል፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበዋለሁ። ያፈርኩበትን እሰርዛለሁ። ብዙ ጊዜ የምሰርዘው ያማረውን ነው።