ሣሩ ውስጥ የነበረው ልጅ

የቢሯችን ስብሰባ ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። ጉም የሞላው ገደል፣ ከማዶ አረንጓዴ ተዳፋት፣ ከፊት እርጥብ ሣር። ያነሳሁት እኔ ነኝ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይሄ የት ነው?» ይላል፤ «ጣርማ በር» እላለሁ፤ «ዋው!» ይላል፤ ከዚያ ወደ ስብሰባው እንገባለን። ግራ ጥግ ላይ መዳፍ የምታህል ሣር አለች። እሷ ሣር የውሸት ናት። እዚያ ቦታ ላይ ልጅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ሦስት ጓደኛሞች የነዳጅ አዋጥተን፣ በተዋስናት ቪትዝ በጠዋት ከአዲስ አበባ ወጣን። ሰው ዝናብ ሲመጣ ጉዞ ይሰርዛል፤ እኛ የሄድነው ዝናቡን ፈልገን ነው። ፎቶ የሚያነሳ ሰው ይሄን ያውቃል፤ የቀትር ፀሐይ ሁሉን ነገር ታደርቀዋለች፣ ደመና ግን ብርሃኑን ያለሰልሳል፣ የረጠበ አረንጓዴም ይደምቃል። 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘን ደብረ ብርሃን ላይ ቁርስ በላን። ከዚያ በኋላ ዝናቡ ባሰበት።

ጣርማ በር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። መንገዱ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በቆፈሩት ዋሻ ተራራውን ሰንጥቆ ያልፍና ወደ ደብረ ሲና እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ዋሻው ጋ ሳንደርስ ጥግ ይዘን ቆምን። ማሞቂያ ከፍተን ቆሎ እየቆረጠምን ጉሙ እስኪገለጥ ጠበቅን። አንዱ ጓደኛዬ «በናትህ ዝናቡ እንዳያቆም» ይል ነበር።

ገሳ የደረበ እረኛ መጣና መስኮቱ ጋ ቆመ። አሥር ዓመት ቢሆነው ነው።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የምታነሱት?»

«ተራራውን።»

ዞር ብሎ አየውና በዱላው ወደ አረንጓዴው ጠቆመ። «ያ እኮ የኛ ገብስ ነው። ዝናቡ አስተኛው።»

ምን እንደምል ጠፋኝ። ጉሙ ተገለጠና ወርጄ ማንሳት ጀመርኩ። ልጁም በጎቹ ጋ ተመልሶ ቀጥ ብሎ ቆመ። እሱን የማነሳው መስሎት ነበር። ሳሳየው ራሱን ስክሪኑ ላይ አይቶ ሳቀ። «ትሰጠኛለህ?» አለኝ። «አመጣልሃለሁ» አልኩት። መኪና ይዞ የሚሄድ ሰው እንደሚለው።

ማታ ቤት ገብቼ ፎቶውን ሳስተካክል ልጁ ትኩረት የሚበትን መሰለኝ። መረጥኩት፣ አንዴ ተጫንኩ፣ ጠፋ። ሶፍትዌር ስለምሠራ መሣሪያው ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ከልጁ ጀርባ ምን እንደነበረ አያውቅም፤ ዙሪያውን አይቶ ዙሪያውን የሚመስል ነገር ይሞላበታል። ዙሪያው ሣር ስለነበር ሣር ሞላ። መሣሪያው ገመተ፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ግን ማንን በደልኩ? ልጁ አያውቅም። የሚያዩት ሰዎች ደስ ይላቸዋል። ቅሬታ ያቀረበ የለም። ጥያቄውን ለጓደኞቼ ሳነሳ አንዱ «አታካብድ» አለኝ። «አስፋልቱንም፣ የመብራት ምሰሶውንም፣ ቪትዟንም እኮ አላስገባህም። ፎቶ ማለት መምረጥ ነው።» እውነቱን ነው። ብዙ ጊዜ አሰብኩበት። አሁን የምመልስለት ይሄን ነው፤ ካሜራዬን ወደ አንድ ነገር ሳላዞር ብቀር «ወደዚያ አላየሁም» ማለቴ ነው። ያየሁትን ሳጠፋ ግን «እዚያ ማንም አልነበረም» እያልኩ ነው። በእኛም ሥራ ማንም ሪፖርት ስላላደረገው ብቻ ስህተቱ ከኮዱ ውስጥ አይጠፋም።

ፈላስፋው ኢማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ማዕበልን፣ መብረቅን፣ አናት ላይ የተንጠለጠለ ቋጥኝን እያነሳ፣ የእነዚህ ግርማ የሚማርከን ደህና ቦታ ላይ እስከሆንን ድረስ ነው ይላል። የእኛ ደህና ቦታ ያን ቀን ቪትዟ ነበረች። አንድ ዝናብ ነው የዘነበው፤ ለእኛ ብርሃን ነበር፣ ለልጁ ቤተሰብ የተኛ ገብስ። በውበቱ መደሰታችን ኃጢአት አይመስለኝም። ልጁ ፎቶው ውስጥ እስካለ ድረስ ግን ሁለቱም ዝናብ ይታያል፤ እሱ ሲወጣ ከመኪና ውስጥ የሚታየው ብቻ ይቀራል። ደግሞ ሰው የሌለበት አረንጓዴ ማየት የለመደ ዓይን «ባዶ መሬት» ለማለት አይቸገርም። በሀገራችን ባዶ የተባለ ስንት መሬት የሰው ግጦሽ ሆኖ ተገኝቷል።

ቋንቋችን «መልክዓ ምድር» ይላል፤ የምድር መልክ። መልክዕ የሚባል የግዕዝ ድርሰትም አለ፤ ቅዱሱን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግሩ ጥፍር አካል በአካል እየጠራ ያመሰግናል። ቃሉን ሳስብ ያ ድርሰት ይመጣብኛል። የጣርማ በርን መልክ ላሳይ ብዬ፣ ገብሱን የዘሩትን ሰዎች ልጅ ከመልኩ ላይ ቆርጬ ጣልኩ።

ዋናው ፋይል አልጠፋም ነበር። ባለፈው ወር ልጁ ያለበትን በሁለት ቅጂ አሳተምኩ፤ አንዱን ትልቅ፣ ሌላውን ትንሽ። ትልቁን ቢሮ ወስጄ የግድግዳው እንዲቀየር ለአለቃዬ አሳየሁት። ሁለቱን አስተያየና «አሪፍ ነው» አለ፤ «ግን የድሮው ይሻላል። ይሄኛው ሰው አለበት።»

የግድግዳው እስካሁን እንደተሰቀለ ነው። ትንሿ ቅጂ ቦርሳዬ ውስጥ ናት። ልጁ አሁን ጎረምሳ ሆኗል፤ ስሙን እንኳን አልጠየቅኩትም። «ያ የኛ ገብስ ነው» ያለበትን ቦታ ግን አውቀዋለሁ፤ ከዚያ ጀምሬ እጠይቃለሁ።