የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ለልጆች ስለ መንገር

በላስታ አገር፥ ከላሊበላ በስተ ምሥራቅ፥ ገነተ ማርያም የምትባል ከቋጥኝ የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን አለች። በግድግዳዋና በዓምዶቿ ላይ ብዙ ቅዱሳን ተሥለዋል፤ ከነርሱም ጋራ ከ1262 እስከ 1277 ዓ.ም. የነገሡት የዐፄ ይኩኖ አምላክ ሥዕል ይገኛል። ጽሕፈቱም ያሠሯት እርሳቸው መሆናቸውን ይናገራል።

እኒህ ንጉሥ መንግሥቱን የያዙት ከዛጉዌ ነገሥታት፥ ይኸውም ከቅዱስ ላሊበላ ወገን ነው። አንዱ ትውፊት በሰላም ተረከቡ ይላል፤ ሌላው በጦር ድል አድርገው ወሰዱ ይላል። እንግዲህ የላስታ ልጅ በተማሪ ቤት ተቀምጦ፥ «የኔታ፥ ላሊበላ ቅዱስ ከሆነ መንግሥት ከወገኑ ስለ ምን ተወሰደ? የወሰደውስ ስለ ምን በቤተ ክርስቲያን ተሣለ?» ብሎ ቢጠይቅ ምን እንመልስለታለን?

ብዙ ሰዎች፥ «ልጅ ነውና በጎውን ብቻ ንገረው፤ ነውር ቢሰማ ታላላቆችን ይንቃል» ይላሉ። ይህ ምክር ከፍቅር የመጣ ነውና አንናቀው፤ የሕፃን ልብ የማይሸከመው ነገር አለና ሁሉ በዕድሜው ልክ ሊነገር ይገባል። ነገር ግን ማዘግየት ሌላ ነው፤ መዋሸት ሌላ ነው። እንከን የሌለበትን ታሪክ ብቻ የሰማ ልጅ ከሁለት አንዱ ያገኘዋል፤ ወይም የራሱን ድካም እያየ፥ «እኔ እንደነርሱ ልሆን አልችልም» ብሎ ተስፋ ይቈርጣል፤ ወይም አድጎ እውነቱን ባወቀ ጊዜ ከሐሰቱ ጋራ በጎውንም ይጥላል።

መጽሐፈ ሳሙኤልን ተመልከት። ዳዊት ጎልያድን መጣሉን የሚነግረን ይኸው መጽሐፍ፥ ኦርዮን ማስገደሉንም፥ ናታንም እንደ ገሠጸው፥ እርሱም በደሉን እንዳመነ አልሸሸገም። ልጁ ከፊተኛው ታሪክ ድፍረትን፥ ከኋለኛው ንስሓን ይማራል።

ከአገራችንም ዐፄ ቴዎድሮስን እናስብ። በ1847 ዓ.ም. ነግሠው የተከፋፈለችውን አገር አንድ ለማድረግና የባሪያን ንግድ ለማስቀረት ደከሙ፤ በጋፋትም መድፍ አሠሩ። እኒሁ ንጉሥ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘርፈው አቃጠሉ፤ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሊሞቱ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ብዙ እስረኞችን ወደ ገደል አስጣሉ። ትጋታቸውን ብቻ የሰማ ልጅ ቍጣ ምን እንደሚያፈርስ አያውቅም፤ ጭካኔያቸውን ብቻ የሰማም ስለ አገር መድከም ምን እንደ ሆነ አይማርም።

ስለዚህ ወላጅ ወይም መምህር የሆንህ ወንድሜ፥ ታሪኩን አንብበህ በጨረስህ ጊዜ ልጁን፥ «ከዚህ ሰው ሥራ የትኛውን ትከተላለህ? ከየትኛውስ ትርቃለህ? ስለ ምን?» ብለህ ጠይቀው። ያን ጊዜ ታሪክ የሚያወድስ ብቻ ሳይሆን የሚፈርድ ልቡና ይሰጠዋል።

ለላስታውም ልጅ ሁለቱን ትውፊት ሳትሸሽግ ንገረው። ቤተ ክርስቲያን ማነጽ መልካም ሥራ እንደ ሆነ፥ በግድግዳ ላይ መሣል ግን ለሠሩት ሁሉ ምስክር እንዳይደለ አስረዳው። ልጁ ታላላቆችን ያክብር፤ እውነትን ግን ከነርሱ አብልጦ ያክብር።