ያልተወለደውም ልጅ ሐቅ አለው

 

እዚሁ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ እስልምናን ከተቀበለች ብዙም ያልቆየች አንዲት ነፍሰ ጡር እህት ሰው ልካ ጠየቀችኝ፦ «ኡስታዝ፣ ቦርዴ ከልጅነቴ የኖርኩበት ምግቤ ነው። እናቴም ለጡት ወተት ይሆንሻል ትለኛለች። ይኸም ሐራም ነውን?» እኔም ቆም ብዬ ሳላስብ፣ «ይኸ ደግሞ ምን ያጠያይቃል!» ስል በቁጣ መለስኩላት። ከዚያ ወዲህ ደርስ ላይ አላየናትም። ፍርዱን አልሳትኩም፤ አነጋገሬ ግን ጥፋት ነበር። ዛሬ የምጽፈው ያን ጊዜ ልሰጣት ይገባኝ የነበረውን መልስ ነው።

በጋሞ አገር ቦርዴ ከእህል የሚጠነሰስ ወፍራም መጠጥ ነው። ብዙዎች ከምግብ ይቆጥሩታል፤ ለአራስም ወተት ያበዛል ተብሎ ይሰጣል። ነገር ግን ምግብ ተብሎ መጠራቱ አልኮልነቱን አያጠፋም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ብዙው የሚያሰክር ነገር ጥቂቱም ሐራም መሆኑን አስተምረዋል። ኸምር የሚለው የዐረብኛ ቃል «መሸፈን» ከሚል ሥር የወጣ ነው፤ አእምሮን ይሸፍናልና። ኢብን ተይሚያን የመሳሰሉ ዑለማዎች ሐሺሽንም፣ ማለትም ካናቢስን፣ ሐራም ያሉት በዚሁ ምክንያት ነው።

ታዲያ የአዋቂን አእምሮ የሚሸፍን ነገር ገና በመሠራት ላይ ያለን አእምሮ ምን ያደርገው ይሆን? እናት የጠጣችው አልኮል ከደሟ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ጽንሱ ዘንድ ይደርሳል። የጽንሱ ጉበት አልጠናምና መርዙን እንደ እናቱ ሊያስወግድ አይችልም። በ1968 እ.ኤ.አ የፈረንሳይ፣ በ1973 እ.ኤ.አ ደግሞ የአሜሪካ ሐኪሞች ከጠጪ እናቶች በተወለዱ ሕፃናት ላይ ተመሳሳይ ምልክት ማየታቸውን ጻፉ፦ ትንሽ ጭንቅላት፣ ጠባብ ዓይን፣ ስስ የላይ ከንፈር፣ የቀነሰ እድገት። ሌሎች ደግሞ መልካቸው ምንም ሳይጎድል ትምህርት የማይገባቸው፣ የነገሩትን የሚረሱ፣ አንድ ቦታ መርጋት የሚያቅታቸው ይሆናሉ። እኛም «ደደብ» እያልን እንገርፋቸዋለን! ሕክምና ለነፍሰ ጡር «ይህን ያህል ቢጠጣ አይጎዳም» የሚለው መጠን የለውም። የካናቢስ አደንዛዥ ንጥረ ነገርም ወደ ጽንሱ ይሻገራል፤ ሕፃኑ ክብደቱ አንሶ ወይም ያለ ጊዜው የመወለዱን ዕድል ከፍ ያደርጋል።

ሸሪዓችን ለዚህ ፍጡር የሰጠውን ክብር አስተውሉ። እናት ለጽንሷ ከሰጋች የረመዳንን ጾም እንድታፈጥር ተፈቅዶላታል። አባቱ ቢሞት ድርሻው ሳይወለድ ከውርሱ ይቀመጥለታል። ጥፋቷን አምና ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የመጣችው የጋሚድ ሴት እንኳ እስክትወልድና ልጇ ጡት እስኪጥል ድረስ ቅጣቷ ቆይቷል። ለዚህ ልጅ ሲባል ጾም የሚነሣ፣ ቅጣት የሚዘገይ ከሆነ፣ እኛ አንድ ጣሳ ማስቀረት እንዴት ያቅተናል?

ወንድሞች ሆይ! ሸክሙን በእናት ላይ ብቻ አንጣል። ሚስቱ አርግዛ ሳለች ቤቱን በሐሺሽ ጭስ የሚሞላ ባል ተጠያቂ ነው። «ምሽት አይጎዳትም» ብሎ የሚቀዳላት ዘመድም እንዲሁ። የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ያስወጣው የ2011 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 1112 መልካም እርምጃ ነው፤ ነገር ግን ጎረቤት በፍቅር ይዞት የሚመጣውን ቦርዴ አዋጅ አይመልሰውም። እርሱን የሚመልሰው የባል እገዛና የለሰለሰ ቃል ነው።

አንቺ እህቴ ሆይ! ሳታውቂ ስለጠጣሽው አላህ መሐሪ ነው፤ ተስፋ አትቁረጪ። በየትኛውም ወር ብታቆሚ ለልጅሽ ይጠቅመዋል። ለጤና ባለሙያዋ የጠጣሽውን ሳትደብቂ ንገሪያት። መጠጥ የለመደ ሰውነት በድንገት ሲያቆም ሊታመም ይችላልና በርትቶብሽ ከሆነ በሐኪም እርዳታ ተዪው። ለወተትሽ አጥሚት አለ፤ ለጉልበትሽ የጫሞ ዓሣ አለ። እናትሽም ቦርዴውን ያቀረበችልሽ በፍቅር ነውና አታስቀይሚያት፤ በፍቅር አስረጃት።

እኔም ለቁጣዬ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ደርሱ ያላንቺ ጎድሏል፤ ተመለሺ። አላህ ልጅሽን አእምሮው የበራ፣ ለዲኑና ለአገሩ የሚጠቅም ያድርገው። አሚን።